በእኔ እጅ የተጻፈው ማመልከቻ

ይህን የእጅ ጽሕፈት የማያውቅ በሠፈራችን ጥቂት ሰው ነው። ለዘመድ ደብዳቤ ሲላክ፣ የእህል ካርድ ጠፍቶ አቤት ሲባል፣ የዕድር መዝገብ ሲታደስ፣ ይህችም ከቤት ቤት እየዞረች የምትነበበው መጽሔታችን ስትገለበጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብዕሩን የምይዘው እኔ ነኝ። "እጅህ ያምራል" ትሉኛላችሁ፤ እኔም ደስ ይለኛል። አዘጋጆቹ ለዚህ ወር ስለ ሴት አለቃና ስለ ሠራተኞቿ አንድ ነገር እንድጽፍ ሲያዙኝ፣ መጀመሪያ ያሰብሁት ስለ እቴጌ ጣይቱ ሁለት ገጽ ሞልቼ መገላገል ነበር። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን ሌላ ወረቀት ትዝ አለኝ። እሱም በዚሁ እጅ የተጻፈ ነው። ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው፤ የፈረምንበት ግን ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሰዎች ነን።

በ2014 ዓ.ም. በእህል መጋዘን ውስጥ እህል ሰፋሪ ነበርሁ። አገር ቤት ሳለሁ በመተማ ዮሐንስ የአንድ ሰሊጥ ነጋዴ የመጋዘን ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ፣ ጆንያና ሚዛን፣ መዝገብና እርሳስ ለእኔ አዲስ አይደሉም። በዚህኛው መጋዘን የምንሠራው አሥራ አንድ ነበርን፤ ስድስት ጫኝና አውራጅ፣ ሁለት ሰፋሪ፣ አንድ ካርድ ተመልካች፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ዘበኛ። ሁላችንም ወንዶች። የበላያችን የነበረው ኃላፊ የሠላሳ አንድ ዓመት ወጣት ነው። እኔ ያኔ ሃምሳ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ ነገር ግን ይህን ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እርስዎ" ስለው ኖርሁ። ልጄ ሊሆን ይችላል ብዬ አስቤም አላውቅ። አለቃ ነዋ!

ጥቅምት ላይ እሱ ወደ ሌላ ሥራ ተዛወረና በምትኩ አንዲት ሴት መጣች። ዕድሜዋ ከእሱ ሁለት ዓመት ይበልጣል። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላት፤ ከመሰደዷም በፊት የአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆና ሠርታለች። በመጀመሪያው ጠዋት በሩ ላይ ቆማ እያንዳንዳችንን እየጨበጠች ስማችንን ጠየቀች። እኔ ዘንድ ስትደርስ፣ "ጋሼ፣ እህሉን የሚሰፍሩት እርስዎ ነዎት?" አለችኝ።

"አዎን፤ አዲሷ ኃላፊ አንቺ ነሽ?" አልኋት።

እባካችሁ ይህችን "አንቺ" ዝም ብላችሁ አትለፏት። ሌሎች ቋንቋዎች ይኖራቸው እንደሆነ እንጃ፤ የእኛ አማርኛ ግን ገና አፋችንን ስንከፍት ማንን ከየት እንዳስቀመጥነው ያጋልጠናል። ከእኔ ቀጥሎ የቆመው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጫኝም፣ እኔን "ጋሼ" ሲል የሚውለው ልጅ፣ እሷን "አንቺ" አላት። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። ተመካክረን አይደለም። በሩብ ሰዓት ውስጥ አሥራ አንዳችንም እሷን "አንቺ" ብለን ጨርሰናል፤ እሷ ደግሞ ከዘበኛው በስተቀር ዕድሜያችን የገፋውን ሁሉ "እርስዎ" ትለናለች። ዘበኛውን "አባባ" ነበር የምትለው።

አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ "መጣች"፣ "አለችኝ" እያልሁ ነው። "መጡ"፣ "አሉኝ" ብዬ ላስተካክለው አስቤ ነበር። ያኔ የነፈግኋትን አክብሮት ዛሬ በወረቀት ላይ ብቆልልላት ግን ራሴን ማሳመር ይሆንብኛል። ስለዚህ ያኔ በምጠራት እጠራታለሁ፤ ይህን እያወቃችሁ አንብቡ።

"ሴት አታዘንም" ብሎ ፊት ለፊት የተናገረ ማንም አልነበረም። እንዲህ ያለ ደፋር ቢኖር ለእሷም ይቀላት ነበር። እኛ ያደረግነው ሌላ ነው። ትእዛዝ ስትሰጥ "እሺ" እንላለን፤ ከዚያ ቀስ ብለን ወደ ቆጣሪው ሄደን "እንዲህ ብላለች፣ ምን ትላለህ?" እንለዋለን። ቆጣሪው በዕድሜም በሥራም አንጋፋችን ነው። እሱ ራሱን ሲነቀንቅ ያን ጊዜ ትእዛዙ ትእዛዝ ይሆናል። እንግዲህ ቃሏ በሁለት እጅ ካልተፈረመ የማያልፍ ቼክ ሆነ ማለት ነው። ስትገባ ወሬያችንን እናቋርጣለን፤ ስትወጣ እንቀጥላለን። ወሬውም "ማን አስገባት?" የሚል ነው። የፊተኛውን ልጅ ማን እንዳስገባው የጠየቀ አልነበረም፤ እርግጥ አስገቢ እንደነበረው ሁላችንም እናውቃለን።

እህል የሚያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር የገዳሪፍ ሰው ነበር። በገላባትና በመተማ ሲመላለስ አማርኛ ለምዷል። አንድ ቀን "ጆንያውን በግራ በኩል ደርድሩት" ብላን ስትሄድ፣ እኛ ቆመን ወደ ቆጣሪው ስናይ ተመለከተና በጣም ሳቀብን። "እናንተ ሐበሾች ምን ነካችሁ? እኛ አገር ጠቅላይ ዳኛችን ሴት ነበረች እኮ!" አለ። እውነቱን ነው፤ ንዕማት አብደላ ኸይር በፈረንጆች 2019 የሱዳን የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ዳኛ ሆና ተሾማ ነበር። ከዚያም በፊት በ1965 ፋጡማ አሕመድ ኢብራሂም ለሱዳን ፓርላማ ተመርጣለች። ቆጣሪያችን ግን ሳይበገር፣ "ዳኝነት ሌላ፣ መጋዘን ሌላ" ብሎ መለሰለት።

ይህን መልስ ያኔ ወደድሁት። አሁን ሳስበው የእኛ ነገር ሁሉ በዚህች መልስ ውስጥ ነበር። ሴት ከሩቅ ስታዝ አንቃወምም። ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከሃያ ሚኒስትሮች አሥሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ብርቱካን ሚደቅሳ የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ስትሆን፣ እኔ መተማ በዚያ ሰሊጥ መጋዘን ሬድዮ ከፍቼ ከነጋዴው ጋር አጨብጭቤያለሁ። ከበስተጀርባችን አርባ የሚሆኑ ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ሰሊጥ ያበጥሩ ነበር። ካቦአቸው ወንድ ነበር። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ካቦ ብትሆን ምን አለበት የሚል ሐሳብ በዚያ ቀን እንኳ ውል አላለብኝም። ከመካከላቸው አንዲት አሥራ ሁለት ዓመት የሠራች፣ በእጇ ዘግና ብቻ የሰሊጡን እርጥበት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ ካቦው ራሱ ሲቸግረው እሷን ይጠይቃት ነበር።

ጣይቱንም እንዲሁ ነው የምንወዳቸው። በቡና ሰዓት ራኩባው ሥር ተቀምጠን፣ በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያኖች የሚጠጡት ምንጭ እንዲያዝ የመከሩት እቴጌይቱ መሆናቸውን ስንት ጊዜ አውርተናል! የኢጣልያ ጦር በውሃ ጥም ምሽጉን ለቆ እንደ ወጣም እናውቃለን። "ያች ናት ሴት!" እንላለን። ቀጥለን ወደ መጋዘን እንገባና የራሳችንን ኃላፊ "ውሃ ስጪን እስቲ" እንላታለን። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በእርግጥ ብለናታል፤ እሷም አንድ ቀን ሰጥታናለች፤ በሁለተኛው ቀን "ማሰሮው እዚያ ነው" አለችን። ይኸው ንግግሯ ለሳምንት ወሬ ሆነ።

እኔ በበኩሌ ያደግሁበትን ነገር ልንገራችሁ፤ ማመካኛ ይሁን ማስረጃ እናንተ ፍረዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ነበር። ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። እኔ ያገባሁት ይህ ሕግ ሳይሻር ነው። ሕጉን አንብቤ አይደለም ያገባሁት፤ ማንስ ያነባል? ነገር ግን "አለቃ" የምትለዋ ቃል እቤቴ ውስጥ እኔን ብቻ ስትጠራ ኖረች። በ1992 ዓ.ም. አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ሲወጣ ይህ ቀረ፤ ባልና ሚስት እኩል ሆኑ። በወረቀት የተሻረው ከእኔ ውስጥ እስኪሻር ግን ጊዜ ፈጀ። እንዲያውም "ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ" የሚለውን ተረት እናቴ ራሷ ነበረች የምታስተርተኝ።

እንግዲህ ወደ ቆርቆሮዋ ልምጣ። የነገሩ ሥር እዚያ ነው።

እህል የምንሰፍረው ከዘይት ቆርቆሮ በተቆረጠች መስፈሪያ ነበር። አንድ ስትሞላ ሦስት ኪሎ ማሽላ ትይዛለች ተብሎ ይታሰባል። ለአንድ ሰው በወር አሥራ ሁለት ኪሎ፣ ማለት አራት ቆርቆሮ። አምስት ነፍስ ላለበት ቤት ሃያ ቆርቆሮ፣ ማለት ስድሳ ኪሎ። የቆርቆሮዋ ቂጥ ግን ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። እኔ አልቀጠቀጥሁትም፤ ወደ እኔ እጅ ስትመጣም እንደዚያው ነበረች። ግን አውቃለሁ። በመተማ ስንት ዓመት ሚዛን ላይ የኖርሁ ሰው ሦስት ኪሎን በክንዴ አላውቅም ብል ማን ያምነኛል?

ኃላፊዋ በመጣች በሁለተኛው ወር፣ በእደላ ቀን፣ ከሰልፉ ሦስት ቤተሰቦች መረጠችና የተሰፈረላቸውን እህል እንደገና በሚዛን አስመዘነች። ስድሳ መሆን የነበረበት ሃምሳ አምስት ሆነ። ሦስቱም ጋ ያው ነው፤ ልዩነቱ የእፍኝ ያህል ብቻ ነበር። አልጮኸችም። እርሳሷን አውጥታ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ አሰላችው። ለአንድ ቤት አምስት ኪሎ ከጎደለ፣ ለአንድ ሺህ ቤት አምስት ሺህ ኪሎ፤ አምሳ ኪሎ በሚይዘው ጆንያ አንድ መቶ ጆንያ። "ጋሼ፣ መቶ ጆንያ የት ይሄዳል?" አለችኝ።

ከፊሉን አውቅ ነበር። በየእደላው ማብቂያ ላይ የወለሉ ጥራጊ የሠራተኛው ነው፤ ይህ ከእኛ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ጥራጊው መሬት ላይ የሚፈሰው ደግሞ ሁልጊዜ በስሕተት አይደለም። እያንዳንዳችን አሥር ኪሎ ያህል ይዘን እንገባለን። ቀሪው በመዝገብ ላይ "ትርፍ" ተብሎ ይጻፋል። ትርፉ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቄ አላውቅም፤ መጠየቅ የሰፋሪ ሥራ አይደለም እል ነበር።

በማግሥቱ ቆርቆሮዋ ቀረች። ተንጠልጣይ ሚዛን መጣ። ለእያንዳንዱ ቤት እየተመዘነ ይሰጥ ተባለ፤ ጥራጊውም ተበጥሮ፣ ተመዝኖ፣ ወደ መዝገብ ይመለስ ተባለ። በሦስት ቀን የምንጨርሰው እደላ አምስት ቀን ፈጀብን። የምናገኘው አበል ግን ያው ነው። እዚህ ላይ ለራሳችን ፍትሕ ልስጥ፤ በሁለት ቀን ሥራ ጨምራብናለች፤ አላማከረችንም፤ ለተጨማሪው ቀንም ምንም አላስከፈለችልንም። ይህ እውነተኛ ቅሬታ ነበር። ወንድ ቢያደርገውም ቅሬታ ነው። ኋላ በጻፍነው ማመልከቻ ውስጥ ግን ይህን አንዲት መስመር አላስገባነውም። ለምን? እሱን ብንጽፍ "የመመዘኑ ሥራ ለምን አስፈለገ?" ተብሎ ስለሚጠየቅ ነዋ። ከዚያ ወደ ቆርቆሮዋ ቂጥ ይደረሳል።

ስለዚህ ስለ ጠባይዋ ማውራት ጀመርን። የፊተኛው ኃላፊ በየቀኑ ይጮኽብን ነበር፤ እንዲያውም አንድ ጊዜ መዝገብ በካርድ ተመልካቹ ላይ ወርውሯል። "ቆፍጣና ነው" ብለን አለፍነው። እሷ ተቆጥታ ድምፅዋን ከፍ ያደረገችው በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነበር። ይህን የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ታውቁታላችሁ፤ አንዴ ከረጠበ መኪናም እግርም አያስኬድም። ሁለት መኪና እህል ከደጅ ቆሟል፤ ሰማዩ ከምሥራቅ ጠቁሯል፤ ጫኞቹ ጆንያዎቹን በሜዳ ላይ አራግፈው ሻይ ሊጠጡ ሄደዋል። "ይህ የሰው ራት ነው! ተነሡ!" ብላ ጮኸች። ድምፅዋ ተሰበረ። ከዚያም የአንዱን ጆንያ ጫፍ ራሷ ይዛ መጎተት ጀመረች። ያን ጊዜ ሮጥን፤ ዝናቡም ሳይቀድመን አስገባነው። ከጫኞቹ ሽማግሌው ላቡን እየጠረገ "አቤት! ይህችስ ወንድ ናት" አለ፤ ማመስገኑ ነበር። እሷም ሸራው ላይ ዘፍ ብላ ተቀምጣ፣ "ወንድማ ብሆን አንድ ጊዜ ተናግሬ ይበቃኝ ነበር" አለችው። ሽማግሌው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ትክክል እንደሆነች ገብቶኝ ነበር። ገብቶኝም ነው የቀረውን ያደረግሁት።

(ስለዚያ ሸራም አንድ ነገር ልጨምር። ዩኤንኤችሲአር የሚል ጽሑፍ ያለበት ሸራ ነው፤ ሁላችሁም ቤት አለ። በፈረንጆች ከ1991 እስከ 2000 ያን ድርጅት የመራችው ሳዳኮ ኦጋታ የምትባል ጃፓናዊት ነበረች፤ ለቦታው የመጀመሪያዋ ሴት። በዚያ ዘመን በዚህ አገር በስደት የነበሩ ሽማግሌዎቻችን በሴት አለቃ ሸራ ሥር አድረዋል ማለት ነው። ለቆጣሪያችን ይህን ስነግረው "እሷ እዚህ መጥታ ጆንያ አላስቆጠረችም" አለኝ።)

ሴቶቹስ? ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ሴቶቹ ደግፈዋት ነበር ብዬ ብጽፍ ያምር ነበር፤ ግን አልነበረም፤ ቢያንስ ሁሉም አይደሉም። ሰልፍ ላይ ጆሮዬ የሰማው "ወንዱ ይሻል ነበር፤ ወንድ ይለመናል" የሚል ነው። እውነት ነው፤ የፊተኛው ይለመን ነበር። ካርዷ የተበላሸባት ሴት አልቅሳ ከለመነችው ከዚያው "ትርፍ" ተብሎ ከተጻፈው ሁለት ቆርቆሮ ያስጨምርላታል፤ እሷም መርቃው ትሄዳለች። አዲሷ ኃላፊ ግን "ካርዱ ይስተካከል" ብላ ወደ ምዝገባ ትልካታለች፤ በሳምንቱ ሙሉውን ታገኛለች፤ ምርቃት ግን የለም። ከልመና የሚገኘው ሁለት ቆርቆሮ ከመብት ከሚገኘው ሃያ ቆርቆሮ ይልቅ አፍ ላይ ይጣፍጣል መሰል።

የእኔ ባለቤት ብቻ ሌላ ነገር ተናገረች። አንድ ማታ ድስቱን እያማሰለች፣ "ሴትዮዋ ከመጣች ወዲህ እህሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ደረሰ። ቀድሞ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው ያልቅብኝ ነበር። ምን አድርጋ ነው?" አለችኝ። አምስት ነን፤ በቀን ሁለት ኪሎ እንበላለን፤ አምስት ኪሎ ማለት ሁለት ቀን ተኩል ነው። ይህን ሒሳብ በልቤ ሠራሁትና "እንጃ" አልኋት።

በዚያው ሳምንት ነው ማመልከቻውን ጻፍ የተባልሁት።

በዘበኛው ቤት ተሰበሰብን። ሁሉም የየራሱን ተናገረ፤ እኔ ጸሐፊ ነኝና ቃላት መረጥሁ። አንዱ "ሴት ሆና ታዘናለች" ብለህ ጻፍ አለ፤ ይህ አይጻፍም፣ ቢሮው አይቀበለውም አልሁት። ሌላው "ትዕቢተኛ ናት" አለ፤ ይህም ስድብ ይመስላል አልሁ። ከዚያ ራሴ አሰብሁና እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ "ኃላፊዋ ለሥራው ያላቸውን ትጋት እያደነቅን፣ በጠባያቸው ስሜታዊ በመሆናቸው ከሠራተኛው ጋር ተግባብተው መሥራት አልቻሉም።" ልብ በሉ፤ በማመልከቻው ላይ "እሳቸው" ብያቸዋለሁ። በእጄ የከፈልኋት የመጀመሪያዋ "እርስዎ" እሷን ለማስነሣት የጻፍኋት ናት። ቆጣሪው ሲነበብለት "ይህ ልጅ እንዴት አድርጎ ይጽፋል!" አለ፤ እኔም ኩራት ተሰማኝ። ፈረምን።

"ሴት የላከው ጅብ አይፈራም" ይባላል በአገራችን። ተረቱ የተነገረው ለሚወዳት ሴት ብሎ በሌሊት ለሚወጣው ወንድ ነው። መዝገብ ይዛ በቀን የምትልከውን ሴት ግን ያ ጀግና ሁሉ ይፈራታል። እኛን ያስፈራን ጅቡ አልነበረም፤ መዝገቡ ነው።

ሐምሌ ላይ አነሧት። ቢሮው አልመረመረም፤ "ለሥራው ስምምነት ሲባል" ብሎ ወደ ሌላ ክፍል አዛወራት። ደረጃዋ ዝቅ አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ውሃ መቅጃው ዘንድ አገኘኋት። ጀሪካኗን ሰልፍ ላይ አስቀምጣ ቆማለች። የመጋዘኑን መዝገብ ለዘጠኝ ወር ስታገላብጥ ስለኖረች እጄን ታውቀዋለች፤ ማን እንደጻፈው መጠየቅ አላስፈለጋትም። "ጋሼ" አለችኝ፤ አሁንም ጋሼ፤ "'ስሜታዊ' የምትለዋን ቃል ማን መረጣት?"

"ሁላችንም ተነጋግረን ነው" አልኋት።

"እሺ" ብላ ጀሪካኗን ወደፊት ገፋች።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነቱ ሲነሣ ብዙ ሰው ወዲያና ወዲህ ተበተነ፤ እሷም ከሠፈሩ ከወጡት መካከል ነበረች። ወዴት እንደሄደች አላውቅም። ይህች መጽሔት ሩቅ አትሄድምና እንድታነበው ብዬ አልጻፍሁም።

ባለፈው ዓመት እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ የሠፈራችን ልጅ ስለ ሕንድ ያነበበውን አጫወተኝ። በፈረንጆች 1993 የሕንድ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ፣ ከመንደር ምክር ቤቶች ሊቀ መንበርነት ሢሶው ለሴቶች እንዲሆን ተደነገገ። ምዕራብ ቤንጋል በሚባለው ክፍለ ሀገር የትኛው መንደር ሴት እንደሚደርሰው የሚወሰነው በዕጣ ዓይነት ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ሴት የደረሳትን መንደር ካልደረሳት ጋር ለማወዳደር ተመቻቸው። ከእነሱ አንዷ ኤስተር ዱፍሎ ናት፤ በ2019 በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው መካከል ነች። ሴቶቹ ሊቀ መናብርት በዚያ ክፍለ ሀገር ለመጠጥ ውሃ ይበልጥ ሠርተው ተገኙ። ሆኖም በሕንድ መንደሮች ሕዝቡ ስለ ሴቶቹ ሲጠየቅ ከወንዶቹ አሳንሶ ነው የገመታቸው። ደግሞ አንድን ንግግር አንድ ጊዜ በወንድ፣ አንድ ጊዜ በሴት ድምፅ አሰምተው ጠየቁ። ሴት መርታቸው በማታውቅበት መንደር ወንዶቹ ያንኑ ንግግር በሴት ድምፅ ሲሰሙት ዝቅ አድርገው ፈረዱት፤ ሴት በመራቻቸው መንደር ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሁለት ጊዜ ለሴት በተመደቡት መንደሮች፣ ምደባው ከተነሣ በኋላም ሴቶች ከበፊቱ ይልቅ እየተወዳደሩ ያሸንፉ ጀመር። እንዲያም ሆኖ "ማን ቢመራችሁ ይሻላል?" ሲባሉ ወንዶቹ አሁንም "ወንድ" ይሉ ነበር አሉ። ይህ የመጨረሻው አሳቀኝ፤ ቆጣሪያችንን መሰሉኝ።

እኛ ለእሷ የሰጠናት ዘጠኝ ወር ነው።

ከእሷ በኋላ የመጣው ኃላፊ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተንጠልጣዩን ሚዛን አየና "ይህ ጥሩ ነው፤ ይቀጥል" አለ። ጥራጊውም እየተመዘነ ይመለስ አለ። አንድም ሰው አላጉረመረመም። በእደላው መጨረሻ ቆጣሪው "ይህ ልጅ ሥርዓት ያውቃል" አለ። እኔም እጄን ዘርግቼ፣ "እንኳን ደኅና መጡ፤ እህል ሰፋሪው እኔ ነኝ፤ እርስዎ የሚሉት ሁሉ ይሆናል" ብየዋለሁ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ከፈረሙት መካከል እዚህ የቀሩትን ሰዎች ጠየቅኋቸው። አራቱ "ጻፍ፣ ስማችንን ግን አታንሣ" አሉ። ሽማግሌው ጫኝ "እኔ ያልሁትንም ጻፍ፤ ወንድ ናት ያልሁትን" አለኝ፤ እነሆ ጻፍሁት። ቆጣሪው እስከ ዛሬ ድረስ አልመለሰልኝም።

ቆርቆሮዋ እኔ ቤት አለች። መጋዘን ስትጣል አንሥቼ አመጣኋት። ባለቤቴ ዱቄት ትሰፍርባታለች፤ አንድ ቆርቆሮ በሰፈረች ቁጥር በላዩ አንድ እፍኝ ትጨምርበታለች።